ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን፦ «አልፈርምም» የሚል ሰው አላችሁ?

ለኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከኒውክሌር ማመንጫው በፊት ፈቃድ ሰጪውን ስለ ማጠናከር

ጤና ይስጥልኝ።

አሜሪካ ውስጥ በአንድ የምርምር ሪአክተር (ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ሳይሆን ለምርምር የሚሠራ የኒውክሌር ማብላያ) የፈቃድ ክፍል የምሠራ ኢትዮጵያዊ ነኝ። ሪአክተሩን የሚያንቀሳቅሱት ሌሎች ናቸው። የእኔ ሥራ ተቋማችን የተሰጠውን ፈቃድ ሳይጥስ መሥራቱን መከታተል፣ ለውጥ ሲያስፈልግ ማመልከቻ ማዘጋጀት፣ ፈቃዱን የሰጠው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ለሚያነሳው ጥያቄም መልስ መጻፍ ነው። ባጭሩ ወረቀት ነው። ዘመዶቼ «ኒውክሌር ነው የሚሠራው» ሲሉ ሰው ነጭ ጋዋን ለብሼ ቁልፍ ስጫን ይታየዋል። ቀኔ የሚያልቀው ግን ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከመሐንዲስ ጋር ስከራከር ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከጠሯቸው ቀጣይ ፕሮጀክቶች አንዱ የኒውክሌር ማመንጫ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መስከረም ላይ ሞስኮ ውስጥ ከሩሲያው የመንግሥት የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ከዚያ ወዲህ የምሰማው ወሬ ግን ስለ ሜጋዋቱ፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ሩሲያ ነው። ተቆጣጣሪውን፣ ማለትም እናንተን፣ የሚያነሳ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ስለዚህ ለእናንተ ልጻፍ አልኩ።

ሥራው ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። አንድ የቆየ መለኪያ ተበላሸ እንበል። አምራቹ ያንን ሞዴል ትቶታል። ቴክኒሻኑ በዲጂታል ሊተካው ይፈልጋል፤ አዲሱ እንደሚሻልም እርግጠኛ ነው። እኛ ጋ ግን አሮጌው ከመፈታቱ በፊት ወረቀት ይቀድማል። በአሜሪካ ደንብ ተቋሙ እንዲህ ያለውን ለውጥ ሳያስፈቅድ ማድረግ የሚችለው በስምንት መመዘኛዎች ተፈትኖ ካለፈ ነው። የአደጋ ዕድል ይጨምራል ወይ? አደጋ ቢደርስ መዘዙን ያከፋዋል ወይ? በደኅንነት ሰነዱ ያልታሰበ ዓይነት ብልሽት ያመጣል ወይ? ይቺ የመጨረሻዋ ለዲጂታል ዕቃ ከባድ ናት። ሶፍትዌር ያለው መለኪያ ደርቆ ቀርቶም የመጨረሻውን ቁጥር ማሳየቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ከስምንቱ በአንዱ እንኳ «አዎ» ከተባለ ጉዳዩ ወደ ተቆጣጣሪው ይሄዳል፤ እስኪፈቀድ ይጠበቃል። ቴክኒሻኑ ይበሳጫል። አልፈርድበትም።

የእኔ ወረቀት ዋጋ የሚኖረው ግን ወዲያ ማዶ፣ ተቆጣጣሪው ጋ፣ አንብቦ የሚገባው ሰው ሲኖር ነው። የሚላክልን ጥያቄ አንዳንዴ ያበሽቃል። «ይህን ግምት ከየት አመጣችሁት? ውሃው በግማሽ ቢቀንስ ስሌቱ ይሠራል?» ይሉናል። ጠያቂው ስሌቱን ራሱ መሥራት የሚችል ሰው መሆኑ ከጥያቄው ያስታውቃል። እንዲህ ዓይነት ሰው ማስታወቂያ ስለወጣ ብቻ አይገኝም፤ ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል። እናንተ እስከ ዛሬ የሆስፒታል ኤክስሬይ፣ የካንሰር ጨረር ሕክምና፣ ቃሊቲ የቆላ ዝንብ የሚመክንበትን የመሳሰሉ የጨረራ ምንጮችን በመቆጣጠር ነው የምትታወቁት። ቀላል ሥራ አይደለም። የሪአክተር የደኅንነት ትንተና መገምገም ግን ሌላ ዓለም ነው።

ደግሞ ችሎታው ቢኖርም ሥልጣን ከሌለ ዋጋ የለውም። ሜሪላንድ ውስጥ ጌተርስበርግ የምትባል ከተማ አለች፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ያውቃታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም 20 ሜጋዋት የምርምር ሪአክተር ያለው እዚያ ነው። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2021፣ ነዳጅ ከተቀየረለት በኋላ ሪአክተሩ ሲነሳ አንደኛው የነዳጅ ክፍል በቦታው በደንብ አልተቆለፈም ነበር። ማቀዝቀዣው ውሃ እንደሚገባ አልደረሰውም፤ ከፊሉ ቀለጠ። ወደ ውጭ የወጣው ጨረራ ለሕዝብ ከተፈቀደው ወሰን በታች ነበር። የነዳጁ ሽፋን ሙቀት ግን በፈቃዱ ላይ ከተጻፈው 450 ዲግሪ ሴልሺየስ አለፈ። ደንቡ እዚህ ላይ ድርድር አያውቅም። ያ ወሰን ከታለፈ ሪአክተሩ ይቆማል፤ ተቆጣጣሪው ካልፈቀደ አይነሳም።

ተቋሙም ተቆጣጣሪውም የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ተቆጣጣሪው ቢሮው ሮክቪል ነው፤ በመኪና ቅርብ ነው። ሪአክተሩ ደግሞ ተመራማሪዎች ተራ ይዘው የሚጠብቁት ነው። እንዲያም ሆኖ እንደገና እንዲነሳ የተፈቀደው ማርች 2023 ነው። ሁለት ዓመት! ሲመረመርም ጥፋቱ የአንድ መቆለፊያ ብቻ አልሆነም። የሠራተኞቹ ሥልጠና፣ የአሠራር መመሪያው፣ የኃላፊዎች ክትትል፣ ሁሉም ጉድለት ተገኘበት።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የምረቃ ቀን የተቆረጠለት ትልቅ ፕሮጀክት ፊታችሁ ቀርቦ፣ ከእናንተ አንድ ገምጋሚ «ይህ ሰነድ አልተሟላም፣ አልፈርምም» ቢል ምን ይደርስበታል? ስልክ ይደወላል? የሚደወለውስ ለማን ነው?

አሜሪካኖችም ይህን «አልፈርምም» የማለት ነፃነት ገና ሲጀምሩ አላገኙትም። አቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን የሚባል አንድ መሥሪያ ቤት ኒውክሌርን ያስፋፋም ይቆጣጠርም ነበር። ምክር ቤቱ በፈረንጆቹ 1974 በወጣ ሕግ ለሁለት ከፈለው። ጋና ለእኛ ትቀርባለች። ከፈረንጆቹ 1994 ጀምሮ ትንሽ የምርምር ሪአክተር አላት፤ ስትጀምር 30 ኪሎዋት ነበረች። የጨረራ ተቆጣጣሪው ቦርድ ግን በሪአክተሩ ባለቤት፣ በአቶሚክ ኮሚሽኑ ሥር ነበር። ራሱን የቻለ ባለሥልጣን በሕግ የተቋቋመው በፈረንጆቹ 2015 ነው። እኛ ገና ምንም ስላልገነባን ሃያ ዓመት መጠበቅ የለብንም።

ስለዚህ ፕሮጀክቱን ከሚያስፋፋው ወገን የተለየ በጀትና ተጠሪነት ይኑራችሁ። ገምጋሚዎቻችሁን አሁኑኑ ቅጠሩ፤ ፈቃድ በሚሰጡ የውጭ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ቁጭ ብለው እውነተኛ ማመልከቻ ይመርምሩ። ሲመለሱ ደግሞ ደመወዛቸው የገንቢው ድርጅት ከሚከፍለው እጅግ ካነሰ ወዲያው ይሄዱባችኋል፤ ይህን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። «ሩሲያ ፈቅዳዋለች» የሚል መልስ ቢመጣላችሁም ጥሩ ማስረጃ ነው ብላችሁ ተቀበሉት፣ ፈቃድ ግን አታድርጉት። ቦታው፣ ውሃው፣ የስምጥ ሸለቆው የመሬት መንቀጥቀጥ የእኛ ነው። የምርምር ሪአክተር የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ እሱ ይቅደም፤ ሰዎቻችሁ በትንሹ ይለማመዱ።

በመጨረሻም የፈቃድ አሰጣጥ መመሪያው ረቂቅ ሲዘጋጅ፣ ከመጽደቁ በፊት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ድረ ገጻችሁ ላይ ለአስተያየት አውጡት። እኔ አነበዋለሁ፣ በዚህ ሙያ ያሉ ወገኖችንም አስተባብራለሁ። ክፍያ አንጠይቅም። ለምንልከው አስተያየት ግን የጽሑፍ መልስ እንፈልጋለን፤ ያልተቀበላችሁትንም ለምን እንዳልተቀበላችሁት ጭምር።

ከአክብሮት ጋር፣
በአሜሪካ የሚሠራ የምርምር ሪአክተር ፈቃድ ባለሙያ