የማያ ፍርስራሽ ጉብኝት በስም አይመረጥ

ክቡር አዘጋጅ፦

አሜሪካ ያሉ ልጆች ከደሴና ከኮምቦልቻ የወሰዷቸውን ወላጆች በመዝናኛ መርከብ ወደ ሜክሲኮ ሲያንሸራሽሩ፣ ከመርከብ ወርዶ የሚደረገው የቀን ጉብኝት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በስም ነው። «ቺቼን ኢትዛን ሳያዩማ አይመለሱም» ይባላል፤ ስመ ጥሩውን የጥንት ማያ ሕዝብ ከተማ ፍርስራሽ ማለት ነው። ቤተሰቦች የሚያመዛዝኑት ወደቡንና ሰዓቱን ቢሆን ይሻላል እንላለን።

መርከቡ ኮዙሜል ላይ የሚቆም ከሆነ ቺቼን ኢትዛን ተዉት። ኮዙሜል ደሴት ናት። መጀመሪያ 45 ደቂቃ ያህል በጀልባ ተሻግሮ ፕላያ ዴል ካርመን መግባት፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። ደርሶ መልሱ ከስድስት ሰዓት ሲያልፍ፣ መርከቡ ወደብ ላይ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ጀልባዋም ነፋስ ባለበት ቀን ክፉኛ ትናጣለች፤ የማቅለሽለሽ መከላከያው ክኒን መዋጥ ያለበት ከመሳፈር በፊት ነው። ይህ ሁሉ ታልፎ ትልቁ ፒራሚድ ላይ መውጣት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። በአራቱ ጎኖቹ በእያንዳንዱ 91 ደረጃ አለው፤ ከላይኛው መድረክ ጋር ሲደመር 365 ይሞላል፣ የዓመቱን ቀናት ያህል። ድንቅ ሥራ ነው፤ የሚታየው ግን ከታች ተቁሞ ነው። መርከቡ ፕሮግሬሶ በሚባለው የየብስ ወደብ ከቆመ ነገሩ ይለወጣል፤ ባሕር ሳይሻገሩ ሁለት ሰዓት ገደማ በመኪና ይደረሳል።

ከኮዙሜል ለሚነሱ፣ ጉልበት ላላቸው ቱሉም የሚባለው ፍርስራሽ ይመቻል። ገደል ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ቁልቁል ያያል፤ ጥላ ግን እምብዛም የለውም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶች እዚያው ደሴቲቱ ላይ ያለው ሳን ኸርቫሲዮ ይበቃል። ሕንጻዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ የማያ ሴቶች የወሊድ አምላካቸውን ኢሽቼልን ሊለማመኑ በታንኳ እየተሻገሩ ይመጡበት የነበረ ስፍራ ነው። ለአዛውንት ከሁሉ የምንመርጠው ግን ከኮስታ ማያ ወደብ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል የሚርቀውን ቻክቾበንን ነው፤ ጀልባ የለውም፣ መንገዱም በዛፍ ጥላ ሥር ነው።

ፒራሚድ ላይ መውጣት የሚፈልግ በሜክሲኮ ጎረቤት አገር ቤሊዝ ባለው ፍርስራሽ፣ በአልቱን ሃ፣ ይፈቀድለታል። አደጋው ያለው ሲወርዱ ነው። የድንጋዩ እርከን ከፍታው ብዙ፣ ስፋቱ ግን ጠባብ ስለሆነ ሙሉ እግር አያሳርፍም። በጎን ዞሮ፣ አንድ አንድ እርከን እየረገጡ መውረድ ይበጃል። ዝናብ የነካው የኖራ ድንጋይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ የቆዳ ሶል ያለው ጫማ ይቅር፣ ጎማ ይሁን።

ሙቀቱን አትናቁት። ከ2400 ሜትር በላይ የለመደ የደሴ ሰው እዚያ የሚገባው ባሕር ጠለል አጠገብ ነው። ኮምቦልቻ ሞቀኝ የሚል ሚሌን ያስብ፤ በዚያ ላይ ወበቅ ይጨምርበት። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውኃ፣ ጃንጥላና ስስ ነጠላ ይያዝ።

ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ መርከቡ ከአሜሪካ ወጥቶ ስለሚመለስ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ይጠየቅ።

የሰዓቱ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጣል። ኮዙሜል ቺቼን ኢትዛ ካለበት ከዩካታን ግዛት በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ የመርከቡ ሰዓት ደግሞ ከሁለቱም ሊለይ ይችላል። ስልክ በራሱ እየተቀያየረ ያሳስታል፤ የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ይሞላ። በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ በግል ለሄደ ግን ጥሎ ይነሳል። በእነሱ አቆጣጠር 4:30 ተሳፈሩ የተባለው በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነውና፣ ልጆች በእኛው አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፈው እናት ቦርሳ ውስጥ ይክተቱላቸው።

በጉዞ ሥራ ላይ የምንገኝ፣ ከደሴ