የቮልስን ቆርቆሮ አትጣሉ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ አሮጌ መኪኖች ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ቮልስዋገኖች ዳገት ላይ እየጋሉ መንገድ የሚዘጉት «ውሃ የሌለው ሞተር ለተራራማ አገር ስለማይሆን ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አነበብኩ። ጸሐፊው ሞተሩ ያለበትን የቮልስን የኋላ ክዳን ከፍተው ያዩ አልመሰለኝም። እኔ በጡረታ የተገለልኩ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች ባለ 1300 ሲሲ ቮልስ አለችኝ። ከአዘዞ ወደ ከተማ፣ እንግዳ ሲመጣብኝም እስከ ጎሃ ሆቴል ኮረብታ ድረስ እወጣባታለሁ። ጥገናዋንም ለሌላ ሰው ትቼ አላውቅም ማለት ይቻላል።

ይህ ሞተር ውሃ የተረሳበት ሳይሆን በአየር እንዲቀዘቅዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ከኋላው መስታወት ሥር ባሉት ቀዳዳዎች የሚገባውን አየር በዲናሞው ጫፍ የተገጠመው ማራገቢያ ይስበውና በሲሊንደሮቹና ከላያቸው በሚገጠሙት ክዳኖች (ቴስታታዎቹ) ክንፎች መካከል ይነዳዋል። አየሩ እንዳይበተን የሚይዘው ሞተሩን የከበበው ጥቁር ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ከቦዲው ጋር በሚገጥምበት ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ ጎማ አለ፤ ከሞተሩ ሥርና ከማርሚታው የሚነሣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ ይከለክላል። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ አንዱ ሲጎድል መኪናዋ የገዛ ትንፋሿን መልሳ ትምጋለች፤ ያን ጊዜ ዳገቱ ምን አደረገ?

እዚህ ከተማ ክዳናቸውን ከፍቼ ካየኋቸው ቮልሶች ቆርቆሮው ሙሉ የሆነ ማግኘት ብርቅ ነው። ሞተር በወረደ ቁጥር አንዱ ይቀራል። ቡሎኑ ዝጎ ይሰበራል፣ ቆርቆሮው ጥግ ይጣላል፣ መካኒኩም «ያለ እርሱም ይነሣል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይነሣል። ባለቤቱም የተገጠመለትን እንጂ የቀረበትን ሳይጠይቅ ከፍሎ ይሄዳል። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ሲግል ክዳኑን በእንጨት ደግፎ መንዳት ይጀምራል። የተከፈተ ክዳን የጎደለ ቆርቆሮ አይተካም።

እኔንም አንድ ጋራዥ ፒስተን ካልቀየርህ፣ ሲሊንደር ካልገዛህ ብሎኝ ነበር። ስሙን አልጠራም። ሞተሩን በክሪክ አውርጄ ስመለከት በሲሊንደሮቹ መካከል ከሥር የሚገቡት ሁለት ትንንሽ ቆርቆሮዎችና በግራ በኩል ያለው የኋላው የሉም። ጎረቤቴ ቆርቆሮዋ ያልተነካ ቮልስ ስላለው ከእርሷ ላይ ልኩን መጀመሪያ በጋዜጣ (ይቅርታ፣ በእናንተው ጋዜጣ) ቀጥሎም በካርቶን አወጣሁ። ቅዳሜ ገበያ ያለ ቆርቆሮ ሠሪ ቆረጠልኝ። ጠርዙን ወደ ውስጥ እንዲያጥፍልኝ ግን ቆሜ መጨቃጨቅ ነበረብኝ፤ ካልታጠፈ ይንቀጠቀጥና ቡሎኑ ዘንድ ይሰነጠቃል። የጠርዙን ጎማ ከከባድ መኪና አሮጌ ከመነዳሪ በመቀስ ቆርጬ ሠራሁት። አሁን ዳገት ወጥቼ እንደቆምኩ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስስብ በጣቴ ይዤ እጠርገዋለሁ፤ ድሮ በጨርቅም አይያዝም ነበር። ፒስተኑ ያው የቀድሞው ነው።

ሌላው የመጋል ምክንያት የሲሊንደሩን መግቢያና መውጫ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ ነው። ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ፣ ማታ የቆመች መኪና ጠዋት ሳትነሣ ነው። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.10 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በስስ የብረት መለኪያ ይለካል። ብዙ ሰው ግን የሚለካው በጆሮው ነው። ጥቂት ጠቅ ጠቅ ስትል ይደነግጥና ድምፁ እስኪጠፋ ያጠብቀዋል። የጠበቀ ቫልቭ በሚገባ አይዘጋም። ሙቀቱን የሚያስረክበው መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ስለሆነ ሳያርፍ ይቃጠላል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር፣ ማለትም በግራ በኩል ወደ መኪናዋ ፊት ያለው፣ የእኔዋን በመሰሉ የዚያ ዘመን ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ከበላዩ ቆሞ አየሩን ስለሚሻማው ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። የተቃጠለ ቫልቭ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ወደዚያ ይመልከት።

ጥቁር ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) አይቶ ሞተሩ አለቀለት የሚልም አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ስለዚህ ለዝቅተኛ ስፍራ የተስተካከለ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ላይ ያለው ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ርጥብና ቅባት ያለው ከሆነ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ለደረቁ መፍትሔው ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ ነሐስ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ መለወጥ ነው። ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ ሰው ግን የቀድሞዋን መልሶ ይግጠም፤ እታች ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል።

በሹፌሩ ፊት ያለው የዲናሞ ቀይ መብራት ሲበራ «ባትሪ ነው፣ ቤት ደርሼ አየዋለሁ» ማለትም በዚህች መኪና አይሠራም። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የምታዞረው ያችው አንዲት ቺንጋ ናት። ከተበጠሰች ወዲያውኑ ቁሙ። ትርፍ ቺንጋና የመፍቻ ቁልፍ መኪናዋ ውስጥ ይኑር።

ይህን ሁሉ ማተቴ እነዚህ መኪኖች ገና ከእኛ ጋር ስለሚቆዩ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ለመግዛት አቅም የሌለን ያለንን እንጠግናለን።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ጋራዦች ከሞተር ላይ ፈትተው ያልመለሱትን ማንኛውንም ነገር፣ ቢጣመምም ቢዝግም፣ በከረጢት አድርገው ለባለቤቱ ያስረክቡ። እናንተም ያን ዐረፍተ ነገር አርሙልን። በጓሮው የወደቀ የቮልስ ሞተር ያለው የጎንደር አንባቢ ካለ ደግሞ ለቁራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ ከመሸጡ በፊት ዙሪያውን ያለውን ቆርቆሮ ይፍታው። እኔ አሁንም ቺንጋው ከሚዞርበት ከታችኛው መዘውር ጀርባ የምትገባዋ ትንሿ ጎድላኛለች፤ በገንዘብም ሆነ ቫልቭ አስተካክዬለት እወስዳታለሁ።

የቮልስ ባለቤት፣ ከጎንደር