እርሻ ያልቀደመው መንደር፦ የታሪክና ቅርስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ከረመ። ጥያቄውን ያመጣችው ጥቅምት ላይ የተቀላቀለችን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ ሰው ማረስ ሳይጀምር አንድ ቦታ ረግቶ መኖር ይችላል?» አለችኝ። እኔ ሳስተምር የኖርኩት መጀመሪያ እርሻ፣ ቀጥሎ መንደር እያልኩ ነው። መልሱን አብረን ፈለግን።

ያገኘነው ሰሜን ጃፓን ነው። አኦሞሪ ከተማ፣ ከባሕር ወሽመጡ ብዙ ሳይርቅ፣ ሳናይ ማሩያማ የሚባል ጥንታዊ መንደር አለ። ከዛሬ 5,900 ዓመት ገደማ ጀምሮ ለ1,700 ዓመት ያህል ሰው ኖሮበታል። የሩዝ እርሻ ወደዚያ የደረሰው መንደሩ ከተተወ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ሰዎቹ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ጥንቸል ያድናሉ፣ ፍሬ ይለቅማሉ። ቤታቸው ግን የሚቆይ ሰው ቤት ነው። 32 ሜትር የሚረዝም አዳራሽም ነበራቸው!

ልጆቹን ያፋጠጣቸው ቼስትነት የሚባለው ዛፍ ነው፤ እሾሃማ ልባስ ያለው ፍሬ ይሰጣል። ሰው ከሰፈረ በኋላ የዛፉ የአበባ ብናኝ አፈሩ ውስጥ በጣም በዝቷል። ይንከባከቡት ነበር ማለት ነው። «ታዲያ ይሄ እርሻ አይደለም?» አለ አንዱ። አንዷ ቀበል አድርጋ «እናቴ ጓሮ ጌሾ አላት፤ ገበሬ ናት እንዴ?» አለችው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

ጥር ላይ ሸክላ ሞከርን። መንደሩ የነበረበት ዘመን ስም ጆሞን ነው፤ «የገመድ ምልክት» ማለት ነው፤ ሸክላቸው ላይ ገመድ ያትሙ ነበርና። ልጆቹ ቃጫ ገምደው እርጥብ ጭቃ ላይ አንከባለሉት። ፀሐይ ላይ ያሰጣናቸው ተሰነጠቁ፤ ጥላ ሥር የደረቁት ተረፉ። ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ሲወጣ የልጆቹን ፊት ባያችሁት!

ሚያዝያ ላይ ሜዳው ላይ በኖራ ስድስት ክብ ሣልን፣ ሦስት ሦስት በሁለት ረድፍ። ሳናይ ማሩያማ ላይ እንዲሁ 1 ሜትር የሚወፍሩ ስድስት የቼስትነት ግንዶች በ4.2 ሜትር ርቀት ቆመው ነበር። የአንዱን ዙሪያ ለመያዝ ሦስት ልጆች እጅ ለእጅ ተያያዙ።

በዚያው ሰዓት የኳስ ቡድኑ ለልምምድ መጣ። አምበሉ ኖራው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ልጆቹ ነገሩት፦ እ.ኤ.አ. በ1992 ሰፊው ቁፋሮ የተጀመረው እዚያ የቤዝቦል ስታዲየም ሊሠራ ስለነበር ነው። ግንዶቹ በ1994 ሲገኙ ግንባታው ቆመ። ቦታው በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ።

ቡድኑ ያን ቀን በግማሽ ሜዳ ተለማመደ።