ልጄ፣ ሾትገን ከመግዛትሽ በፊት

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ስለ ዳክዬው የምትለው ነገር አላት፣ እሱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ባለፈው ደውለሽ ኖቬምበር ላይ ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር ቼሳፒክ የባሕር ሰላጤ ላይ የባሕር ዳክዬ አደን ልጀምር ነው፣ ሾትገን ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ በደንብ አልመለስኩልሽም። ደግሞም በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

አትሂጂ አልልሽም። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፦ የመጀመሪያውን ወቅት ያለ ጠመንጃ ውጪ። ጀልባ ላይ ሁኚ፣ ገመድ ጎትቺ፣ የወደቀውን ወፍ አንሺ፣ ነፋሱን እይ፣ ወፎቹን ለይተሽ እወቂ። ጠመንጃው ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።

ለምን እንዲህ እንደምል ታውቂያለሽ። ኑሮዬ የጀልባ ሞተር መጠገን ነው። በብርዱ ወራት አዳኞች የሚያወጡ ሰዎች ጀልባ እንድነዳላቸው ይጠሩኛል፣ እሄዳለሁ። እኔ አልተኩስም፣ ሥራዬ መንዳትና ማንሳት ነው። ከዚያ ቦታ ሆኖ ሲታይ ደግሞ አዲስ ሰው ምን ላይ እንደሚቸገር ቶሎ ይታወቃል። ሁሉም ስለ ጠመንጃና ስለ ጥይት አንብቦ ይመጣል። ስለ ውሃው አስቦ የሚመጣ ጥቂት ነው።

ውሃው እንዲህ ነው። ቼሳፒክ ከሰሜን እስከ ደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 6 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ጥልቅ ካልሆነማ አያስፈራም እንዳትዪ፤ የሚከፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጫጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ጀልባው ከአንዱ ሳይወርድ ሌላው ይመታዋል። ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ውሃው ወደ አንድ አቅጣጫ እየፈሰሰ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲገጥመው፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ሰላም የነበረ ቦታ ይለወጣል። ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት ማታም ጠዋትም የአየር ትንበያውን እይ። ለትንንሽ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ ከወጣ በቃ፣ አይወጣም። ጓደኞችሽ ፈቃድ ወስደናል፣ ከሩቅ ነድተን መጥተናል ቢሉሽም አይወጣም። እንዲህ በሚል ሰው ጀልባ ላይ ለሌላ ቀንም አትውጪ።

ብርዱ ደግሞ አለ። ጃንዋሪ ላይ ውሃው ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ ይችላል። በካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ጎርደን ጊስብሬክት ለብዙ ዓመታት ቀዝቃዛ ውሃ በሰው አካል ላይ የሚያደርገውን ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የሳቸው ትምህርት በሦስት ቁጥር ይያዛል፦ 1፣ 10፣ 1። የመጀመሪያዋን 1 ደቂቃ ትንፋሽሽን መቆጣጠር ያቅትሻል፣ ያኔ አፍሽ ከውሃ በላይ ካልሆነ ውሃ ትጠጫለሽ። ቀጥሎ ባለው 10 ደቂቃ ውስጥ እጅና እግርሽ ይታዘዙሻል፣ ከዚያ በኋላ ገመድ መጨበጥ እንኳ ያቅታል። ራስሽን እስክትስቺ ግን 1 ሰዓት ገደማ አለሽ። ይህን 1 ሰዓት የምታገኚው ላይፍ ጃኬት ከለበስሽ ብቻ ነው። ወንበር ሥር የተቀመጠ ላይፍ ጃኬት የለም ማለት ነው። ከመርከብ ማቆሚያው ሳትነሺ ልበሺው፣ ተመልሰሽ መሬት እስክትረግጪ አታውልቂው። ዋና መቻልሽን አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ። እዚህ ላይ አይቆጠርም።

የሬዲዮ ነገርም እንዳይረሳ። ስልክ እርጥብ ጓንት ባደረገ እጅ አይሠራም፣ ኔትወርክም ይጠፋል። ጀልባው ላይ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ መኖሩን ጠይቂ። የአደጋ ጥሪ ቻናል 16 ነው፣ የባሕር ጠባቂው ኮስት ጋርድ ይሰማዋል። የሞተር ማጥፊያዋን ገመድ የሚነዳው ሰው ሰውነቱ ላይ ማሰሩን በዓይንሽ እይ። የት እንደምትወጡና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ደግሞ ለኔ ቴክስት አድርጊልኝ።

አሁን ወደ አደኑ። የባሕር ዳክዬ ሜዳ ላይና ኩሬ ዳር እንደምናየው ዳክዬ አይደለም። የሚኖረው ክፍት ውሃ ላይ ነው፣ ጠልቆ ከሥር ሙስል የሚባል ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ ለቅሞ ከነቅርፊቱ ይውጣል፣ ቅርፊቱን የሚፈጨው በጡንቻማ ጨጓራው ነው። በቼሳፒክ በብዛት የምታዪው ስኮተር የሚባለውን ነው። ሦስት ዓይነት አለ። ሰርፍ ስኮተር ወንዱ ጥቁር ሆኖ ግንባሩና ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው። ጥቁሩ ስኮተር መንቆሩ ሥር ቢጫ እብጠት አለው። ሦስተኛው ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። ሴቶቹ ሁሉ ቡናማ ናቸው፣ ለመለየት ጊዜ ይፈልጋሉ። ሎንግ ቴይል የሚባለው ደግሞ ነጭና ጥቁር ቡናማ፣ ጭራው ረጅም፣ ጫጫታው ነፋስ በሌለበት ጠዋት ከሩቅ የሚሰማ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሁሉም እሱን እወደዋለሁ። እስከ 60 ሜትር ይጠልቃል ይባላል፣ እዚህ ግን ያን ያህል መጥለቅ አያስፈልገውም።

እዚያው ውሃ ላይ ሉን የሚባል ወፍ አለ። በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ለማያውቅ ሰው ጎህ ሲቀድ ከሩቅ ዳክዬ ይመስላል። አንድ ወቅት ሙሉ ቁጭ ብለሽ ስታዪ ከርመሽ ግን በአበራረሩ ትለዪዋለሽ። ያለ ጠመንጃ ውጪ የምልሽ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው ወፉን ለመለየት ሁለት ሴኮንድ ነው ያለው።

አሠራሩን ላሳይሽ። ተኳሹ ሌይአውት በምትባል ከውሃው እምብዛም ከፍ በማትል ጀልባ ውስጥ በጀርባው ይተኛል። ዙሪያውን ዲኮይ፣ ማለትም የዳክዬ ምስል፣ ይዘረጋል። ክፍት ውሃ ላይ ዲኮይ አንድ በአንድ አይጣልም፣ ረጅም ዋና ገመድ ላይ በየአጭር ርቀቱ ይንጠለጠልና ገመዱ በሁለቱም ጫፍ በመልሕቅ ይያዛል። ገመዱ የሚሰምጥ ዓይነት መሆን አለበት፣ ካልሆነ ሞተሩ ይጠቀልለዋል። ገመዱ ሲለቀቅ እግርሽ መሃሉ እንዳይገባ፤ መልሕቁ ሲወርድ አይጠብቅሽም። ወፍ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ ማረፊያ ባዶ ቦታ ይተውለታል። የወደቀውን ወፍ የሚያነሳው ጀልባ ከነፋሱ በታች ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ምክንያቱም የተመታው ወፍ ወደዚያ ነው የሚንሳፈፈው። ተኳሹ ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ፣ ከፍቶ እስኪያሳየኝ ድረስ ወደ እሱ አልጠጋም። ማንም ቢሆን፣ የፈለገ ቢጮኽ አልጠጋም። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ።

ክፍት ውሃ ላይ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ርቀት ዓይንን ያታልላል። ጥሩ አዳኞች የመጨረሻውን ዲኮይ 30 ሜትር ላይ ያስቀምጡና ከሱ ማዶ ያለውን አይነኩም። ስኮተር ውሃውን ታክኮ ሲመጣ ቀስ ያለ ይመስላል፣ ግን ይፈጥናል፣ አዲስ ተኳሽ ሁልጊዜ ከኋላው ነው የሚስተው። ቆስሎ የወደቀ ደግሞ ወዲያው ይጠልቃል፣ ከጠለቀ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ የቆሰለው ቶሎ መገደል አለበት፣ የወደቀው ሳይነሳ ሌላ አይመታም። ይህን የማይጠብቅ ቡድን ካየሽ ቡድን ቀይሪ።

ይህን ያህል ችክ የምለው ለምን መሰለሽ? ስኮተር ቶሎ አይራባም። ካናዳ ሰሜን ያሉ ሐይቆች ዳር ነው የሚፈለፍለው፣ መውለድ የሚጀምረው ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። የጠፋውን ቶሎ አይተካም። በፈረንጆቹ 2016 የፌዴራሉ መንግሥት በአትላንቲክ በኩል የባሕር ዳክዬ አደን ወቅትን ያሳጠረው፣ አንድ ሰው በቀን የሚመታውንም ከ7 ወደ 5 ያወረደው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህም ደንቡ ተነካክቷል፣ ስለዚህ የሜሪላንድን የዘንድሮ መመሪያ ራስሽ አንብቢ፣ ሰው በነገረሽ አትሂጂ።

ወረቀቱን ባጭሩ፦ የአዳኝ ትምህርት ሰርተፊኬት፣ የስቴቱ ፈቃድና የስቴቱ የወፍ ስታምፕ፣ ማለትም የአደን ቴምብር፣ ከዚያ የፌዴራሉ ዳክ ስታምፕ። የፌዴራሉ 25 ዶላር ነው፣ ከ1934 ጀምሮ አለ፣ ከየዶላሩ 98 ሳንቲሙ ለወፎቹ መኖሪያ መሬት ነው የሚውለው። ለመተኮስ ባትደርሺም እሱን ዘንድሮ ግዢው፣ ደስ ይለኛል። ጠመንጃው ከ3 ጥይት በላይ እንዳይዝ ተደርጎ መደፈን አለበት። የእርሳስ ጥይት ለውሃ ወፍ ከ1991 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ክልክል ነው፣ ብረት ወይም ቢስሙዝ የሚባለው ሌላ ማዕድን ነው የሚተኮሰው። ሞተር ጠፍቶ ጀልባው በሞተሩ ኃይል መሄዱን ካላቆመ አይተኮስም። የተመታውን ወፍ ቤት እስክታደርሺ አንድ ክንፉ ከነላባው ወይም ጭንቅላቱ እንዳለ ይቆያል፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ተቆጣጣሪው እንዲያይ።

አሁን የእናትሽ ነገር። «ዳክዬ ቤቴ እንዳይገባ» ብላለች። አትቆጪያት። እሷ ባደገችበት ዳክዬ አይበላም፣ እኔም አልበላም። ባሕር ዳር ሳለን ጣና ላይ ዝዩም ዳክዬውም ከታንኳው አጠገብ ይዋኛል፣ የሚነካው ሰው አይቼ አላውቅም። የማልተኩሰውም ለዚህ ነው፤ የማልበላውን አልገድልም። አንቺ ሌላ ቤት መሥርተሻል፣ ከሚበሉ ሰዎች ጋር ነሽ፣ ይህን ላንቺ እተወዋለሁ። ግን መተኮስ ከመጀመርሽ በፊት ወስኚ። ከከበደሽ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ። ወቅቱም ልብ ይበልሽ፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ እስከ ገና አደኑ የሚሞቀው በጾሙ ውስጥ ነው። የተመታው ሁሉ ፍሪዘር ውስጥ መክረም አለበት ማለት ነው። ቦታ ከሌለሽ እንግዲህ ያንን ያህል አትምቺ።

የምትበዪ ከሆነ ደግሞ ከአዳኞቹ ያየሁትን ልንገርሽ። ላባውን አይነጩም፣ ከነቆዳው ይገፉታል፣ ምክንያቱም የባሕር ሽታው ያለው ስቡ ውስጥ ነው። ስቡን አጥርተው፣ ጡቱን ብቻ አውጥተው በጨው ውሃ ያሳድሩታል። ሥጋው በጣም ቀይ ነው። ቀጭን ቀጭን አድርጎ ቆርጦ በሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ቶሎ መጥበስ ነው፣ እሳት ላይ ከቆየ ጉበት ጉበት ይላል። አዋዜ አብሮት ይሄዳል ያለኝ አንድ ነጭ አዳኝ ነው፣ አዋዜውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ጠመንጃ መምረጡን በሚቀጥለው በጋ አብረን እናደርገዋለን። መጀመሪያ ክሌይ፣ ማለትም የሸክላ ዒላማ፣ መተኮሻ ቦታ ወስጄሽ በትከሻሽ ልክ የሚሆነውን ሞክረሽ ትገዣለሽ። ባሕር ላይ የዋለ ጠመንጃ የዚያኑ ቀን በንጹሕ ውሃ ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባል፣ ጨው አንድ ሌሊት አይታገሥም፤ እሱንም ያኔ አሳይሻለሁ።

ለዘንድሮ የሚያስፈልግሽ ተንሳፋፊ ሙሉ ልብስ ነው፣ እሱን እኔ ነኝ የምገዛልሽ። ቁመትሽንና የጫማ ቁጥርሽን እስከ ዓርብ ላኪልኝ፣ ኦክቶበር ከገባ ያንቺ ልክ ያልቃል። የሚያወጣሽን ሰው ስልክ ቁጥርም አብረሽ ላኪ፣ ጀልባውን ሄጄ አየዋለሁ።

አባትሽ