ጃፓንኛን በእንግሊዝኛ በኩል ዞረን የምንማረው ለምንድነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፣ ቢረዝም አትፍረዱብኝ፣ ቆርጣችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። የኅሩይን ነገር ግን እንዳትቆርጡት አደራ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የጃፓን ቋንቋና ባህል ፌስቲቫል አለ ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። እሷ ያው እንደ እኩዮቿ ጃፓንን የምታውቀው በአኒሜ (በካርቱን ፊልሞቻቸው) ነው፣ እኔ ደሞ በካይዘን፣ የሥራ ቦታን በየጊዜው ትንሽ በትንሽ በሚያሻሽለው የጃፓኖች ዘዴ። የምሰራበት ፋብሪካ ካይዘን ሲጀምር ሦስት ወር ለስልጠና ጃፓን፣ ናጎያ ከተማ ልከውኝ ስለነበር ቋንቋውን ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ፣ ምግብ ቤት ገብቼ ጾሜን የማያሳድረኝ ያህል ማለቴ ነው።

ዝግጅቱ ደስ ይላል፣ ያልሆነውን አላወራም። በወረቀት ወፍ የሚያጥፉ አሉ፣ በብሩሽና በጥቁር ቀለም የሚጽፉ አሉ፣ ካራቴ አለ፣ ሱሺ ለአንድ ሰው አንድ ተብሎ ታደለ (ልጄ የኔንም በላችው)። ዩካታ የሚባለውን ቀለል ያለ የበጋ ኪሞኖ ለብሶ ፎቶ ለመነሳት የነበረው ሰልፍ የነዳጅ ሰልፍ ነው የሚመስለው። እዛ ሰልፍ ላይ ያየኋትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ዩካታውን ራሱ ለብሶ የቀኙን ጫፍ በግራው ላይ ደርቦ ሊነሳ ሲል አንዲት ጃፓናዊት በጎ ፈቃደኛ ሮጣ መጥታ ምንም ሳትል ፈታችና ግራውን በቀኙ ላይ አድርጋ አሰረችለት። ልጁ ግራ ገባው፣ ሳቀ፣ ፎቶውን ተነስቶ ሄደ። ማንም አልነገረውም እንጂ ቀኙ በግራው ላይ የሚደረበው ለሬሳ ነው። አሁን ይሄን "ነጠላ እንደማዘቅዘቅ በለው" ቢሉት ዕድሜ ልኩን አይረሳውም ነበር፣ የኛ እናቶች ለለቅሶ ነጠላ ሲያዘቅዝቁ እያየ አይደል እንዴ ያደገው? ያስረዳው የነበረው ልጅ ግን በእንግሊዝኛ "ለፍት ኦቨር ራይት" ብሎ አለፈው።

የኔም ቅሬታ እዚህ ጋር ነው። ከሰዓት "ጃፓንኛ በ30 ደቂቃ" የሚል ትምህርት ነበር፣ አዳራሹ ሙሉ ነው፣ ከጃፓኖቹ በቀር ሁላችንም አማርኛ የምንሰማ ሰዎች ነን። የሚያስተምረው የክበቡ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ድካሙን አላጣጥልበትም፣ ግን ስላይዱ እንግሊዝኛ፣ የታደለው ወረቀት እንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው እንግሊዝኛ። ከዛ ምን አለ መሰላችሁ፣ "በጃፓንኛ ቨርቡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ይከብዳችኋል፣ ተጠንቀቁ!" አለ። ወይ ጉድ! የኛስ ግስ የት ነው የሚመጣው? በኦሮምኛስ? በትግርኛስ? እንደ እንግሊዛዊ ሆነን እንድንቸገር እየተለመንን እኮ ነው። ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ ደሞ "ይከብዳል" ብላ በደብተሯ ጻፈች።

እስቲ እዩት። "ሻዩን ጠጥቶ ሄደ" በጃፓንኛ "ኦቻ ኦ ኖንዴ ኢታ" ነው። ኦቻ ሻይ ነው፣ ኦ የምትለዋ የኛዋ "ን" ናት ቦታዋም እዛው ነው፣ ኖንዴ ጠጥቶ፣ ኢታ ሄደ። አንድም ቃል ቦታውን አልለቀቀም። "ትናንት የመጣ ሰው" ስትል "ኪኖ ኪታ ሂቶ"፣ በእንግሊዝኛ ግን ሰውየውን አስቀድመህ ነው መምጣቱን የምታወራው። "ደህና ነዎት ወይ" ለማለት "ጌንኪ ዴስ ካ" ይላሉ፣ ዴስ "ነው" ናት፣ ካ ደሞ "ወይ"። በጣም የሚገርመኝ ግን "ታቤቴ ሚሩ" የሚሉት ነው። ታቤቴ በልቶ ማለት ነው፣ ሚሩ ማየት፣ አንድ ላይ ሲሆን መሞከር ማለት ነው። እናቴ አዲስ ወጥ ስትሰራ "እስቲ ቅመሰውና እየው" የምትለኝን ናጎያ ውስጥ አንዲት ሽማግሌ ሴት በጃፓንኛ ስትለኝ ጆሮዬን ማመን ነው ያቃተኝ። አስተማሪው ግን ይሄን "ትራይ ኢቲንግ" ብሎ ተረጎመውና አለፈ።

የአክብሮቱ ነገርማ አይነሳ። ጃፓኖች ለትልቅ ሰው ግሱንም ይቀይሩታል፣ ለጓደኛህ "ታቤቴ" (ለብቻዋ ስትቆም "ብላ" ናት) ያልከውን ለሽማግሌ "መሺአጋቴ ኩዳሳይ" ትላለህ። ብላና ይብሉ ነዋ! በወረቀቱ ላይ ይሄን ለማስረዳት ግማሽ ገጽ እንግሊዝኛ ተጽፏል፣ ለምን ቢባል እንግሊዝኛ ለአያትም ለውሻም አንድ "ኢት" ብቻ ነዋ ያለው። አማርኛ ለሚናገር ሰው አንድ መስመር ይበቃዋል።

ፊደሉም ላይ እንደዛው። ቃና የሚባሉት ሁለቱ ፊደሎቻቸው (ሂራጋናና ካታካና) 46፣ 46 መሠረታዊ ሆሄ ነው ያላቸው፣ እንደኛው አንዷ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ይዛ ነው የምትመጣው፣ ካ ኪ ኩ ኬ ኮ እያሉ። ከሰባቱ የፊደላችን ረድፎች ግዕዝንና ሳድስን አውጣና ቀሪውን ቁጠረው፣ አምስቱ የነሱ ናቸው። ልዩነቱ የኛ ፊደል ቅርፁ ከአንድ ስር ይወጣል፣ የነሱ ግን ካ እና ኪ ዘመዳሞች አይመስሉም፣ ስለዚህ በቃል መያዝ ግድ ነው። ካንጂ፣ ከቻይና የወሰዱት ጽሕፈት፣ ሌላ ታሪክ ነው፣ የዕለት ተዕለቱ ብቻ 2,136 ስለሆነ እሱን አንነካውም፣ እኔም ከሃምሳ በላይ አላውቅም። የታደለው ወረቀት ታዲያ ድምፁን ሁሉ በላቲን ፊደል ነው የጻፈው፣ ውጤቱን ደሞ እዛው አየነው፣ "ኔኮ" ማለት ድመት ነው፣ ከፊት የተቀመጠ ልጅ እንዲያነብ ሲጠየቅ እንግሊዝኛ ስለመሰለው "ኒኮ" አለ። ኔኮ ብሎ በፊደል ቢጻፍለት የአንደኛ ክፍል ልጅም አይስትም። ወደነሱ ስንሄድ ነው እንጂ የሚጠበን፣ ስም የሚጽፉበት ጠረጴዛ ላይ ለምለም የምትባል ልጅ ስሟ "ሬሙሬሙ" ሆኖ ሲወጣ ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ሞተ፣ ለ የለቻቸውም፣ ጠ እና ቀን ተዋቸው።

አሁን ወደ ኅሩይ ልምጣ። መድረክ ላይ "ጃፓንና ኢትዮጵያን ምን ያገናኛቸዋል?" የሚል ጥያቄ ተጠይቆ አንድ ልጅ "አበበ ቢቂላ" ብሎ ቲሸርት ተሸለመ። ልክ ነው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገብቶ አሸንፏል፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን ከተሰራ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ይገባዋል። ግን ከዛ በፊት እኮ የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ጃፓን ድረስ ሄደው ያዩትን "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" ብለው በአማርኛ ጽፈው አሳትመዋል፣ መጽሐፉ ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሟል። ከዛ ቀደም ብሎ በ1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ሲረቀቅ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ዘመን የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት አይተው ነው የሰሩት። በዛን ጊዜ ስለ ጃፓን በአማርኛ ይታሰብ፣ ይጻፍ ነበር ማለት ነው። ጃፓኖቹም ቢሆኑ እኛን ለማጥናት ሲመጡ ቋንቋችንን ተምረው ነው፣ 13ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በ1990 ኪዮቶ ላይ የተደረገው ዝም ብሎ አይደለም።

"ቴክኒካል ነገር በአማርኛ አይሆንም" የሚል ካለ ፋብሪካዬ ይምጣ። ካይዘን በ30 ድርጅቶች በሙከራ ሲጀመርና ኋላም የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ሲቋቋም አምስቱ "ኤስ" የሚባሉት የሥራ ቦታ ማደራጃ የጃፓን ቃላት አምስቱ "ማ" ተብለው ነው የመጡልን፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያለ የሚሄደው። የጃፓንኛዎቹ በላቲን ፊደል ሲጻፉ አምስቱም በ"ኤስ" እንደሚጀምሩ በኛም አምስቱም በ"ማ" ይጀምራሉ። ያን የተረጎመ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆሙ የሌዝ ማሽን ሰራተኞች በሳምንት ይዘውት እርስ በርስ "ማ ሁለት የት ሄደች?" እየተባባሉ ሲተራረቡ በዓይኔ አይቻለሁ። በእንግሊዝኛ ቢሆን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀር ነበር።

እና የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ገጽ ወረቀት፣ ጃፓንኛው በፊደል ተጽፎ ትርጉሙ በአማርኛ የሆነ፣ ከተቻለ በኦሮምኛም። ስኮላርሺፕ ለሚፈልጉት ልጆች እንግሊዝኛው እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፣ እሱም ጎን ለጎን ይኑር፣ ማን ይጣላል።

ልንወጣ ስንል ያቺን ዩካታ የምታስተካክል በጎ ፈቃደኛ በር ላይ አገኘኋትና በሰባራ ጃፓንኛዬ ሰላም ስላት እሷ በጥሩ አማርኛ "እንዴት ዋሉ ጋሼ" አለችኝ፣ አፈርኩ። አማርኛ እንዴት እንደተማረች ስጠይቃት ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች፣ በግራ በኩል ቃና፣ በቀኝ በኩል ፊደል፣ ካ ከካ ጋር፣ ኪ ከኪ ጋር በመስመር ተያይዞ፣ ግዕዝና ሳድስ ብቻ ለብቻቸው በቀይ ተከበዋል። "እነዚህ ሁለቱ ናቸው ያስለቀሱኝ" አለች። ገጹን አስፈቅጄ በስልኬ አንስቼዋለሁ፣ የፌስቲቫሉ አዘጋጆች ይሄን ካነበቡና ከፈለጉት በጋዜጣው በኩል ይጠይቁኝ፣ እልክላቸዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአቃቂ