ለሰብልዬ፣ ከአራት ኪሎ

ሰብልዬ፣ እንዴት ከረምሽ?

ጠፍቻለሁ፣ አውቃለሁ። ለልጅሽ ክርስትና እንኳን አለመደወሌ እስካሁን ያንገበግበኛል። ይቅር በይኝ። ስንገናኝ እስኪወጣልሽ ትቆጪኛለሽ፤ አሁን ግን የቸገረኝ ነገር አለ።

አፌ እየቆሰለ አስቸገረኝ። ማትሪክ ስናጠና አንቺን ያስለቅስሽ የነበረው ዓይነት። አንቺማ ምላስሽ ቆስሎም ወሬ አታቆሚም ነበር! እኔን ግን ዝም አሰኝቶኛል። ከፍልሰታ ወዲህ ይሄ አራተኛው ነው። አንዱ ሲድን ሌላው ይተካል። የአሁኑ የታችኛው ከንፈሬ ውስጥ ነው፤ ምስር ታክላለች፣ መሃሏ ነጥቶ ዙሪያዋ ቀልቷል። ትናንት ሽሮ ቀርቦልኝ በመጀመሪያው ጉርሻ እንባዬ መጣ።

እማዬ ያው እንደምታውቂያት "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ አሽታ አመጣች። የሄድኩባት ሐኪም ግን ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ሌላ ነው፣ እሱ በቫይረስ የሚመጣ ነው፣ ይተላለፋልም አለችኝ። የእኔው አይተላለፍም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ሐኪሟ ጋ ከመሄዴ በፊት ተደብቄ ኤችአይቪ ተመርምሬ ነበር። ነፃ ነኝ። ውጤቱ እስኪደርስ ግን የጊዮርጊስን አጥር ሦስቴ ዞርኩት። ልደውልልሽ ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ከዚህን ያህል ጊዜ በኋላ በዚህ ልጀምር? አፈርኩ።

ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ብትሰሚያት! የወር አበባሽ ይበዛል? ትጾሚያለሽ? ከምግብ ጋር ሻይ ትጠጫለሽ? የሚወጋሽ ጥርስ አለ? ሆድሽንስ ያምሻል? የጥርስ ሳሙናሽ ሳይቀር አረፋው ብዙ ነው ወይ አለችኝ፤ አንዳንድ ሰው ላይ እሱም ያመጣዋል። ብረት፣ ፎሊክ አሲድ ወይም ቢ12 ሲያንስም አፍ ይቆስላል። ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። እኔ በፍስኩም ሥጋ እንደማልነካ ታውቂያለሽ። ጾሙን ተዪ አላለችኝም፣ ደምሽን እንየው ነው ያለችው። የሻዩ ነገር ግን ከበደኝ። ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል አሉ፤ እኔ ደግሞ ምሳዬን ያለ ሻይ በልቼ አላውቅም።

ጭንቀትስ አለብሽ ወይ ስትለኝ መልስ አጣሁ። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ሰብልዬ። ሌሊት ሌሊት የጉንጬን ውስጥ ስነክስ ራሴን አገኘዋለሁ። ይሄን ለእሷ አልነገርኳትም። ሐሙስ እነግራታለሁ።

ቁስሎቼ በ10 ቀን ገደማ ይድናሉ። አንዱ ከ3 ሳምንት ካለፈ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ ብላኛለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ከንፈሬን ገልብጬ ቀን እቆጥራለሁ።

ያንቺን በመጨረሻ ምን አዳነው? ብዙ ጊዜ አስቤ አልመጣልኝም። የደሙ ውጤት ሐሙስ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው። ብቻዬን መስማት ፈርቻለሁ። እባክሽ ስልክሽን አትዝጊው።

ያንቺው
ማርታ