ቅዳሜ እንገናኝ፦ ለምን ወደዚህ ሥራ ገባን?

ሰላም የቡድናችን አባላት፣

የቅዳሜው ስብሰባ ጉዳይ አንድ ነው፤ ልጆችን ከወሲባዊ ጥቃት ለመጠበቅ እያንዳንዳችን የምንለፋው ለምንድን ነው? ወላጆችን ከማነጋገራችን በፊት ይሄን እርስ በርስ እንስማ። መጀመሪያ የሚጠይቁን እሱን ነውና።

ከእኔ ልጀምር። ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ውስጥ የሆነ ነገር ነበር፣ ትልልቆቹ ሁሉ ያውቃሉ፣ ግን «ለልጅቷ ስም ሲባል» ተብሎ በሽማግሌ ተዳፈነ፤ ሰውየውም እንደ ድሮው ሰላም እየተባለ ኖረ። ያ ዝምታ እስካሁን ያንገበግበኛል። የእናንተ ምክንያት የግድ እንዲህ መሆን የለበትም፣ «ልጅ አለኝ» ማለትም ይበቃል። በራሱ ላይ የደረሰ ነገር ያለው ሰው ካልፈለገ አይናገርም፣ አብሽሩ። የሌላ ልጅ ታሪክ የምታነሱ ግን ስምም ሰፈርም አትጥሩ።

ቦታው ደሴ ፒያሳ፣ ባለፈው የተገናኘንበት ክፍል ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ቀደም ብላችሁ ተነሱ፣ የቅዳሜን ታክሲ ታውቁታላችሁ። ደብተር ያዙ። እኔ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626 እና 627 ኮፒ አመጣለሁ፤ አንዱ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉትን፣ ሌላው ከ13 በታች ያሉትን ልጆች ይመለከታል። «በሽማግሌ ይለቅ» የሚለን ሰው ስለማይጠፋ ሁላችንም ብናነበው ጥሩ ነው።

ወላጆች ፊት ቆመው የሚናገሩ ሁለት ሰዎችም እንመርጣለን። መምጣት አለመምጣታችሁን፣ ለመናገር ፈቃደኛ የሆነም ካለ፣ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።